ፀሐይ በሳምንት አንዴ

ሐኪሟ ወረቀቱን ገልጣ አየችና፣
«ፀሐይ አንሶዎታል» አለችኝ፣ ቀና
ብላ፣ ሳትስቅ።
የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ እስኪያስለኝ ድረስ።
አርባ ዓመት በሜዳ በሐሩር ስጠበስ፣
ችካል ስቸክል፣ ሜትር ስወጥር፣
ይችን ኮዬን እንኳ፣ ጤፍ ሳለች፣ በእግር
ለክቻታለሁ። ማጅራቴን ያከሰለችው
ፀሐይ ለእኔ ካነሰች፣ ለማን ልትተርፍ ነው?

ሂሳቡ ግን ቀላል ነው።
አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሊፍቱ ቀዳዳ ነው፣
እርግብ ይኖርበታል።
ደረጃው አምሳ ስድስት፤ ልቤ ሃያው ላይ ይለምናል።
ክረምቱን ሙሉ ከመስኮቴ አልራቅሁም ነበር፤
«በመስታወት የገባ» አለች፣ «አይቆጠር።»

ማታ ደብሪቱ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቷ ስትጫነው
ይሰረጉዳል፣ ቶሎም አይመለስ። አውቀዋለሁ፤
ከረጠበ ማሳ ችካል ሲነቀል የሚቀረው
ጉድጓድ ነው።
ለውሃው ክኒን አለኝ፣ ጠዋት የሚያስሮጠኝ፤
ውሃውን ሲጠርግ ሌላም ይወስድብኝ
ኖሯል፤ ጨዉን፣ ቢ-አንድ የሚሉትን ጭምር፤
ጎርፍ መቼም አይወርድ አፈር ሳይቆነጥር።

አሁን ሰኞ ሰኞ አንዲት ቢጫ ፍሬ እውጣለሁ፣
ከጡረታዬ የተቆረሰች። መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ይዤ አያታለሁ፤
ብርሃን ታሳልፋለች።
«ልቤን ታድነዋለች?» ብዬ ጠየቅኋት።
«አልዋሽዎትም» አለች፤ ያኔ ነው ያመንኳት።
«ለአጥንትዎ ትበጃለች፤ ለልብ ግን፣ አባቴ፣
ገና አልተለየም።» ገባኝ። ቀያሽ ነኝ፤ በሕይወቴ
ስንት መሬት አይቻለሁ ወሰኑ ያልታወቀ፣
እየታረሰ የሚኖር፣ ካርታው እየተጠበቀ።

ደብሪቱ ናት ያገኘችው፦ ሦስተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ
ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ትገባለች ፀሐይ፣
ራሷ፣ ያለ መስታወት። አሥራ አራት ደረጃ ብቻ።
ወንበሬን አወረደችልኝ።
እኔም ልማድ ሆኖብኝ ጠመኔ አስመጥቼ
ወሰኗን አሰመርኩ፤ ስትሸሽ ተከትዬ
ሌላ መስመር፣ ደግሞ ሌላ፣
አራት ማዕዘን ከአራት ማዕዘን ጎን።

ቅዳሜ ለት ሲፈን፣ የጎረቤት ልጅ፣ መጣችና
ቆማ አየችው። ጠጠር ወረወረችና
በአንድ እግሯ ገባች፦
«ሰኞ፣ ማክሰኞ...»
ያበጠ እግሬን ሰብስቤ መንገድ ለቀቅሁላት።