የስምንት ሰዓት መፍቻ

አሽዶድ፣ ከወደቡ ወዲህ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ፣
ግድግዳውን ጨው የላሰው፣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት የሚወልቅ፤
ዙሪያውን ብረት ላልብሰው ተቀጠርሁ በመስከረም፣
ቱቦ በቱቦ ላይ ልሰካ፣ ሳንቃ ከሳንቃ ላጋጥም።

አለቃችን ነዲም በጠዋት መጣና፣
ከመኪናው ጀርባ ሣጥን አወጣና፣
«ባዩህ፣ ያንን ብረት በል ከወገብህ ጣል፤
ይኸ ገመድ የለው፣ ባትሪው ያዞረዋል።»

ያዝሁት።
ሽጉጥ መሰለኝ፤ ክብደቱ የአራስ ልጅ ያህል፤
ጣቴን ሳሳርፍበት ታታታታ ሲል፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ክንዴ የለፋበትን
በሁለት ትንፋሽ ጨረሰው፣ ዳዶ ማጥበቅን።

መዋሸት አልወድም፤ ደስ አለኝ።
ሌሊት የሚያነቃኝ፣ ጣቴን የሚያደነዝዝ ሕመም፣
ሐኪሟ በነሱ ቋንቋ ስም አላት፣ በእኔ ቋንቋ ስም የለውም፤
ያ የአንጓ ቁርጥማት በሳምንቱ ቀለል አለ።
«እጅህ ተኛልህ ወይ?» ብትለኝ ዋግነሽ፣
«ተኛ» አልኳት፤ እውነትም ሰላም ውሎ ስለዋለ።

አብሮኝ የሚወጣው ኢታይ ነው፣ የወንድሜ ልጅ፤
ሰማይ ላይ የማይርድ፣ መሬት ላይ የማይቆም እጅ።
አማርኛው ሰባራ ነው፤ ሲስቅ ግን ሙሉ ነው ጥርሱ፤
«አጎቴ፣ መፍቻህን ለሙዚየም ስጠው፤ ይቀመጥ እሱ።»

ሰነበትን እንዲህ። ታታታታ፣ ታታታታ፤
በቀን አንድ ፎቅ፤ ድሮ ሳምንት የሚፈጀው፣ በጭንቅ፣ በእርጋታ።

አንድ ቀን የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተበረገደ።
ወይዘሮ ፎርቱና፣ ሻሿ ከራሷ የወረደ፣
«ባሌ ከሆስፒታል ተመልሶ ገና አሁን ነው ያሸለበው፤
ከሁለት እስከ አራት የዕረፍት ሰዓት ነው፤
ሰውነቱ ቢቀርህ፣ ሕጉን አንብበው!»
(እነሱ ሁለት የሚሉት በእኔ ሰዓት ስምንት ነው፤
ሃያ ዓመት ኖሬም አፌ ያንኑ ነው የሚቆጥረው።)

ነዲም ስልክ አያነሳም። ሥራው ደግሞ አይቆምም፤
ከባሕር የሚነሣው ነፋስ የዕረፍት ሰዓት አያውቅም።
ኢታይ ባትሪውን ነቀለና ጥላ ሥር ተጋደመ፤
የእኔ መፍቻ ከሣጥን ወጣ፣ እጀታው ለዝቦ የከረመ።

በጸጥታ ውስጥ ብረት ይናገራል፤ ረስቼው ኖሯል።
አንዱ ዳዶ ቀጭ ይላል፣ አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ ያጉረመርማል።
ስድስተኛው ፎቅ፣ ጥጉ ላይ፣ ማሽኑ ያጠበቀው፣
ላዩ ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ነው ያለቀው።
ብነካው ዞረ፤ ዞረ፤ አልያዘም፤ ጥርሱ ተበልቷል፤
ኃይል በዝቶበት፣ ይበቃል የሚል አጥቶ፣ እንደ አገዳ ተላጥቷል።
እሱን ተማምና የተነጠፈች ሳንቃ
ኢታይ የሚረግጣት ነበረች፤
ትናንት ሄዶባታል፣ ዘሎባታል፤
እንዴት ብላ ታገሠች?

አልጮኽሁም። ጠራሁት። ጣቱን ይዤ ዳዶው ላይ አኖርሁለት።
«አዙር» አልኩት። አዞረ። ደግሞ አዞረ። ፊቱን አየሁት።
ሙዚየሙን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበት።

«ማሽኑ ጥፋት የለበትም» አልኩት፤ «ብርቱ ነው፣ አይደክመውም፤
ብርቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የት እንደሚቆም አያውቅም።
እጅ ግን ሕመም አለው፤ ሕመሙ ነው ‹በቃ› የሚለው።»
ይኸን ሁሉ የምለው
እጄን የጎዳኝን መፍቻ በእጄ ይዤ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ታታታታ፣ ይሰማናል ጎረቤት፤
ስምንት ሲሆን ዝም፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት መፍቻ፣ ከብሎን ወደ ብሎን ጉብኝት።
ኢታይ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ ይቆጥራል፤
ሲሳሳት በዕብራይስጥ ይራገማል፣ እንደገና ይጀምራል።
ወይዘሮ ፎርቱና በመስኮት ሐብሐብ ታቀብለናለች፤
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣
«ተኝቷል» ትለናለች።

በታኅሣሥ ፎቁ ነጭ ሆነ። ብረታችን የሚወርድበት ቀን ደረሰ።
ማሽኑን ወደ ግራ አዞርነው፤
የሦስት ወር ጥብቀት በሁለት ቀን ፈረሰ።
አንዲት ጥግ ላይ ብቻ፣ በስምንት ሰዓት በእጄ ያጠበቅሁት
ታታታታ ቢለው፣ ታታታታ ቢለው፣ እምቢ አለ።
ጨው ይዞት ይሆናል። ምንም አላልኩም።
ኢታይ ወደ እኔ አየ።
እኔ ወደ ባሕሩ አየሁ።