የጠላቂዎች ዕቃ አጣቢ

ሙሐረቅ፣ ሆስፒታል፣ ከሊፍቱ በታች ምድር ቤት፣
መስኮት በሌለበት፣ ሰዓት በማይጠፋበት፣
እጄን በጓንት ቀብሬ፣ አፌን በጭምብል ሸፍኜ፣
ቱቦ አጥባለሁ እኔ፣ ባሕሩን ሳላይ ባሕር ዳር ሆኜ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ተራ መጠበቂያው ጠጠር መጣያ ያጣል፤
ሰዉ ሁሉ ጠጠሩን በጎኑ ይዞ መጣያ ፍለጋ ይመጣል።
ላቡ ሽንቱን የጠጣበት፣ ግንበኛ፣ ሾፌር፣ ዓሣ አጥማጅ፣
ወገቡን በእጁ ደግፎ ይሰለፋል ከሐኪም ደጅ።

ቱቦው ቀጭን ነው፤ ከገብስ አገዳ ይቀጥናል፤
ጫፉ ላይ ዓይን አለው፣ ጨለማ ለምዶ ያያል።
ሰው በሚሸናበት መንገድ ሽቅብ ይጓዛል፣
ኩላሊት ጓዳ ሲደርስ አንገቱን ቀልሶ ይዞራል።
ጠጠሯን ያገኛት እንደሁ ሌዘሩ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤
አልደቅ ላለችው ደግሞ መረቡ ከሆዱ ይወጣል።
አራት ድር ብቻ ነው፣ ከጭራ የሳሳ፤
ድር ካበረ ያስራል፣ ጠጠርም እንዳንበሳ።
"ክፈቺ" ይላል ሐኪሙ። "ዝጊ" ይላል። ይስባል።
የኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

አየር ሞልቼው ገንዳ ውስጥ እነክረዋለሁ፣
ትንፋሼን ቋጥሬ አረፋ እጠብቃለሁ።
እንደ ስናፍጭ ቅንጣት አንዲት አረፋ ብትወጣ
ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ጣጣ።
ካልወጣች ብሩሽ፣ መድኃኒት፤ አንዴ ሁለቴ አይደለም፤
የማን ሽንት ነው፣ የማን ደም፣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

*

ማክሰኞ ግን አወቅሁት፤ ዩሱፍ ቢን ኸልፋን ይባላል፤
ነርሷ ሺጂ እንዳለችኝ፣ ሰመመን እስኪጥለው ያወራል።
የአባቱን ነገር ነው ወሬው፦
መረብ ባንገቱ አጥልቆ፣ ድንጋይ በእግሩ አንጠልጥሎ፣
አፍንጫውን በቀንድ ቆንጥጦ፣ ዓይኑን በጨው አቃጥሎ፣
ሉል ሊለቅም ሲወርድ፣ ነፍሱን ለገመድ ያዥ ጥሎ።
ብዙውን ጊዜ የወጣው ባዶ ቅርፊት ነበር፤
ሉል ቢገኝም ለመርከቡ ጌታ፣ ለእሱ የተረፈው ብድር።

ሲነቃ ጠጠሯን ሰጡት፣ ብልቃጥ ውስጥ ታሽጋ፤
ጋሪዬን ስገፋ አይቶ ጠራኝ፣ ወደ አልጋው እንድጠጋ።
ጆሮው ሥር ነቀነቃት።
"ስሚያት!" አለኝ። "አባቴ ለክብ ነገር ሲወርድ ሲወጣ ኖረ፤
እኔ ዘንድ ሳልጠራው መጣ፣ ጎኔ ውስጥ አደረ።
ዋጋዋ ስንት ይሆን?" ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ጎኑን ወጋው።
ቆይቶ፦ "አገርሽ ሉል አለ?" አለኝ፣ ሕመሙ ሲተወው።
"ባሕር የለንም" አልኩት።
"ታዲያ ምን አላችሁ?"
"ጠጠር" አልኩት።

*

ያልነገርኩት አለኝ፤ እዚህ ሳልቀጠር በፊት፣
ሪፋ፣ ሰው ቤት ሳለሁ፣ ክፍሌ ጣሪያ ላይ፣ ታች ሽንት ቤት።
ማዳም እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ደረጃው ደግሞ ይጮሃል፤
ውኃ ያልጠጣ ሰውስ ለምን ብሎ ይወርዳል?
ነሐሴ ነበር። ጣሪያው በሌሊትም አልበረደም።
አንድ ነገር ጎኔን ያዘኝ። ምጥ እንዳልል አላረገዝኩም።
ፎጣ ነከስኩ። ካሜራ የለ፣ ሌዘር የለ፣ ክፈቺ ዝጊ ባይ የለ፤
አዛን ሲል፣ ባልዲው ውስጥ፣ አንድ ነገር ቅጭል አለ።

የምስር ክክ ታክላለች። ጥርስ ነበራት።

አክስቴ ዘርትሁን ጠጠር ጣይ ነበረች፤
"ሲሳይሽ ውኃ ማዶ ነው" ብላ የሰደደችኝ እሷ ነች።
እኔም ጣልኳት ያቺን አንዷን፣ በመዳፌ አሽቼ፣
ሲሚንቶው ላይ፣ ምን ትል ይሆን ብዬ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ።
ምንም አላለች። ተንከባላ ልብስ ማጠቢያው ሥር ገባች።
ወርጄ ቁርስ ሠራሁ። እንቁላሉም አላረረም።

*

የኸልፋን ልጅ ዛሬ ወጥቷል። ቱቦው ገንዳው ውስጥ ጠልቋል።
እጠብቃለሁ።
አረፋ የለም።
አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከመንጠቆው ሰቀልኩት፤
ጭምብሌን አወረድኩና፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ቆሜ፣ እስከ ታች ጠጣሁት።