በኩል

ሐምሌ ሰማንያ ስድስት፤ ደብረ ማርቆስ፣ ጤና መምሪያ፤
ከመዝገብ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከክትባት ሣጥን መደርደሪያ፣
አንድ ኮምፒውተር አለኝ፣ አንድ ጉንፋናም ሞደም፣
ቀን መስመር የማያገኝ፣ ሌሊት ካልሆነ የማይሄድም።

ፕሮግራሙ በሁለት ፍሎፒ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤
«ቀላል ነው» ብሎኛል ሰውዬው፤ ለነጋሪ ምን ይከብዳል!
የሚሞላው አንድ ፋይል ነው፣ መንገድ የሚጻፍበት፦
ለማን፣ በማን በኩል፣ መቼ፤ መስመር ከጠፋ በማን ቤት።

እኔም ጻፍሁ፦
የቢቸና ደብዳቤ እኔው ዘንድ ይደር፤
የዳንግላ፣ የቡሬ፣ ይሂድ ለባሕር ዳር፤
የማላውቀው ሁሉ፣ ስሙ ያልተጻፈ አገር፣
ለሽታሁን ይሰጥ፤ እሱ አያጣም በር።

የአባይ በረሃው ሽቦ በናዳ ተበጥሶ ነበር፤
አዲስ አበባ ራሷ ያን ሰሞን «የማላውቀው አገር»።

ሽታሁን ባሕር ዳር ነው፤ እንደኔው ትናንት የጀመረ፤
«የማላውቀው ለማርቆስ» ብሎ በበኩሉ ጽፎ ነበረ።

መጀመሪያ የተየብሁት የሲስተር የኔዓለም ጽሑፍ፣
ለላምባ ፍሪጅ አንድ ክር፤ ክትባቱ ሳይሞቅ፣ ሳያልፍ።
ስድስት ሰዓት ላይ ብርቄ፣ የቴሌዋ፣ ከማዞሪያው፣
«ባሕር ዳርን ያዝ» አለችኝ፤ ሞደሙ አፏጨ፤ ሄደ ያው!
ደግሞ ከባሕር ዳር ጥሪ። ደግሞ ከኛ። ደግሞ ከነሱ።
ደስ ብሎኝ ተኛሁ ወንበር ላይ፣ ደብዳቤዎች ሲመላለሱ።
ሊነጋጋ ሲል ብርቄ፣ መታከት ድምፅዋን ይዟት፣
«እናንተ ልጆች» አለችኝ፣ ሳቅ ከእንቅልፍ ጋር ገጥሟት፣
«ተጣልታችሁ ነው ወይስ ታጭታችሁ?»

ጠዋት ከፈትሁት።
የሲስተር የኔዓለም ክር ነው፤ ሌላ ደብዳቤ የለም።
ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፤ ማኅተም በማኅተም፣
አርባ አንድ ጊዜ! በየዙሩም፣ ለጥንቃቄ፣
አንድ ግልባጭ ያስቀራል፤ የኔው ትእዛዝ፣ የኔው ረቂቄ።

አቶ ይበልጣል፣ የመዝገብ ቤቱ፣ መነጽሩን በሲባጎ ያሰረ፣
ሠላሳ ዓመት የፖስታ ከረጢት በበቅሎ፣ በአውቶቡስ ያሻገረ፣
ጎንበስ ብሎ አነበበና፣ «ይኸማ እግዚኦታ ነው» አለ፤
«አሰናባች ቄሱ ግን የታለ?
በኛ ጊዜ አንድ ሕግ ነበር፤ ደብዳቤ ለሰጠህ ሰው
ያንኑ መልሰህ አትሰጥም። መንገድ ካጣህ፣ አሳድረው።
ደግሞ ‹በኩል› ታች ይጻፋል፤ ‹ይድረስ› የሚለው ነው ከላይ፤
አንተ በኩሉን አብዝተህ፣ ይድረስ ጠፋ ከጉዳዩ ላይ።»

አፈርሁ። ፋይሉን ከፍቼ፣ እሱ እያለ፣ እኔ እየጻፍሁ፣
«ይድረስ ለአዲስ አበባ፤ በባሕር ዳር፣ በወልድያ በኩል» አልሁ።
ሌሊት ሄደ። አልተመለሰም።
ግልባጮቹን ግን ረሳሁ።

ነሐሴ ማለቂያ፣ መንገዱ ሲጠገን፣ የጭነት መኪና መጣ፤
ሾፌሩ «ፈርሙ» ብሎ አንድ ካርቶን አወጣ፤
አርባ አንድ የፍሪጅ ክር።
አቶ ይበልጣል አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሳይስቅ መዘገበ፤
አርባውን ለሞጣ፣ ለደምበጫ፣ ለደጀን፣ ለሉማሜ፣
በአውቶቡስ ረዳቶች በኩል፣ ስም እየጻፈ አደለ።

አንዷን ራሴ ይዤ ቢቸና ደረስሁ።
ሲስተር የኔዓለም ክሩን አገላብጣ አየችና፣
«ወረቀትስ?» አለችኝ፣
«አብሮት የመጣ ወረቀት የለም?»