የመውጫ ቅጽ

ነዚፍ፣ በገመድ አስረው ከቆጪ ሲያመጡህ
ስምህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እህትህ።
«በፈቃዱ ነው?» አለ ነርሱ፣ ቅጹን ይዞ፤
«አይደለም» ብዬ ፈረምኩ፣ እጄ ደንዝዞ።

በየሐሙሱ ሐኪሞች ተሰብስበው
«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ሲሉህ ደጋግመው፣
አንተ በመስኮት ዝናቡን እያየህ
«አዌቱ በሞላ፣
ሙኒራ በፈረመች ማግስት» ትላለህ።
«ገና» ብለው ይጽፋሉ።
ገናም መጥቶ ሄደ።

ዛሬ «ይውጣ» አሉ።
ቀበቶህን፣ የጫማ ክርህን
በፌስታል አስረከቡኝ፤
ደግሞ ሌላ ቅጽ፣ ያው መስመር፣ ያው እስክሪብቶ።
እጄን ያዝከው፦
«መግቢያዬን አንቺ ፈርመሻል፤
መውጫዬን ለኔ ተዪው።»

ነርሱ ደንቡን ያገላብጣል።
አንተ ጎንበስ ብለህ ክሩን ታስገባለህ፣
በአንዱ ቀዳዳ፣ በሌላው፣
ሳትቸኩል።