ለዓሣው የተሰጠ ድምፅ

ኖርዌይ፣ ኦለሱንድ፣ በአረጋውያን ቤት፣
ዓሣው ተዘፍዝፏል፤ ዛሬ ቀኑ ስምንት።
ቀን ውሃ ይጠጣል፣ ሌት አመድ ይውጣል፣
እንጨት ሆኖ ገብቶ ንፍጥ ሆኖ ይወጣል።

ሳህን አጣቢ ነኝ፤ ምስክር ነው እጄ፣
ሰባት ገና ደፋሁት፣ ሳይነካ፣ ወስጄ።

ዘንድሮ ኃላፊው ስብሰባ ጠራና፣
«ይቅር ወይስ ይቅረብ፣» አለ፣ «ዓሣው ለገና?»
ለ«ይቅር» አሥራ አንድ እጅ ወጣ ወዲያው፤
አንድ እጅ ለ«ይቅረብ»። የማን ነው? የዚያችው፣
የራግንሂልድ፣ ዓሣውን «የሰይጣን ሳሙና»
ስትል የምትኖረው ከገና እስከ ገና።

«ምነው?» አልኳት ኋላ፣ ኩባያዋን ሳነሳ።
«ባሌ ነበር፣» አለች፣ «የሚወድ ያንን ዓሣ።
አርባ ስድስት ገና ድርሻዬን በሹካ
ስገፋለት ኖርኩኝ፣ እሱ ድንች ሲተካ።
ከዚያ የረዘመ ወሬ አልነበረንም።»

ድምፁ ተሸንፏል። እኔ ግን ተደብቄ
አንድ ቁራሽ ቀቀልኩ፣ ከባልዲው ሰርቄ።
ዘንድሮም
አልቀመሰችውም።
በሹካ ገፋችው ወደ ሳህኑ ዳር፣
ወደ ባዶው ወንበር።

ይሸታል፤ አልዋሽም። መስኮቱን ከፈትኩት፤
አንድ ድንች አውጥቼ ከጎኑ አኖርኩት።