ተንፍስ

ሐመርፌስት ወደብ ላይ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ፀሐይ ተሰናብታ፣ እስከ ጥር ላትመለስ፣
ከውጭ ጨለማ ወደ ውስጡ ገባሁ፤
ሁለት ስክሪን አብርቼ የሰው ሳንባ አነበብሁ።

በዚህ ፊደል ሕግ ጥቁር ማለት አየር፣
ነጭ ማለት አጥንት፣ ነጭ ማለት ደም ሥር፤
ጤነኛ ሳንባ ግን መሐል ላይ ነው ቤቱ፣
አመድማ፣ ግራጫ፣ እንደ ጉም በጧቱ።

ማዘዣው አጭር ነው፦ «ሃልቫር፣ አርባ አንድ ዓመት፣
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ትንፋሽ የሚያጥርበት፤
አጫሽ።» ነጥብ። በቃ፣ ሐኪሙ ፈርዷል፤
አንድ ቃል ሲገኝ ሌላ መጠየቅ ቀርቷል።

ከላይ ጀመርሁ እንግዲህ፣ ከሳንባው አናት፤
ጭስ ጣሪያ ይወዳል፣ እዚያ ነው የሱ ራት፤
ብል እንደ በላው ሹራብ የተነዳደለ
ፈለግሁ፤ ከጥቂት ነጠብጣብ በቀር ምንም የለ።

ወረድሁ፣ የመዳፊቷን ጎማ እያሽከረከርሁ፣
ከልብ በታች ወረድሁ፣ ከጉበት ጫፍ ደረስሁ፤
እዚያ ነው ጥቁሩ!
ግድግዳ የሌለው፣
ደም ሥሩ ሳስቶ ሳስቶ ክር የመሰለው፣
ወለሉን የጨረሰ፣ ጣሪያውን የማረ፤
ጭስ ብቻውን እንዲህ አይበላም። ሌላ እጅ ነበረ።

ሁለቴ ነው የተነሣው፤ አንዴ ትንፋሹን ሸክፎ፣
አንዴ «ተንፍስ!» ሲባል ያለውን አራግፎ።
የተነፈሰ ሳንባ ይሰበሰባል፣ ይነጣል፤
የዚህ ታችኛው ግን እንደ ጠቆረ ቀርቷል።
የገባው አልወጣም።
«ተንፍስ» ቢሉትም ቅሉ፣ አልተነፈሰም።

አንሺዋን ጠራኋት፣ ኦስሂልድ ትባላለች፤
«አልጋው ላይ ምን አለሽ?» አልኋት። አሰብ አድርጋ አለች፦
«‹አባቴም ቁጭ ብሎ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው፤
ሲጋራ ነክቶ አያውቅም፤ ብርድ ነው ያልነው፤
ከተቀበረ ወዲህ ማንም አልተነፈሰ›
ብሎኛል፤ ይህን ብሎ ጃኬቱን ለበሰ።»

ለካስ እንዲህ ኖሯል፤ ዘር ከልጓም ይስባል፤
ከጉበት የሚላክ የሳንባ ዘብ ጎድሎ ይሆናል።
ማጨሱም ሐሰት አይደል፤ ክብሪቱ የራሱ፤
ማገዶው ግን የቆየ፣ ካባት የመጣ ውርሱ።

ከዚያ ጻፍሁ፣ ያለ ቅኔ፣ በደረቅ ቃል፦
«ኤምፊዚማ፤ በታችኛው ክፍል ይብሳል።
አልፋ አንድ ከደሙ ይለካ።» እጄ ቆመ።
ሃልቫር ታናሽ አለው፣ ስቬርሬ፣ መርከበኛ፣ ገና ያልታመመ።
ሪፖርት ውስጥ ለሌላ ሰው ቦታ የለም ይባላል፤
ጨመርሁት፦
«ወንድሙም ይመርመር። ሳያስል።»