ደጅ ጠኚ

ማዳምፔ ላይ፣ ከኮኮናት ጥላ ሥር፣
ጉድጓድ ሲተነፍስ፣ ቅርፊት ሲጠቁር፣
ሄማላታ ቆማ፣ ዓይኗን በሻሽ ጠርጋ፣
እሳት ታዳፍናለች ሲመሽም ሲነጋ።
ነበልባል ከነካው ቅርፊት አመድ ይሆናል፤
አየር ከነፈገችው ከሰል ሆኖ ይቀራል።
ሰዓት አታይበት፣ መለኪያም የላት፤
መድረሱን የምታውቀው
በሽታው ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እኛ ፋብሪካ፣ በጆንያ ተጭኖ፣
እንፋሎት ይለቀቅበታል ምድጃው ፍም ሆኖ፤
ይቦረቦራል ውስጡ፣ ዋሻ በዋሻ ላይ፣
ጣት የማይዳስሰው፣ ለዓይንም የማይታይ።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነው።
አንዲት ግራም፣ ማንኪያ የማትሞላ፣
በመስታወት ቱቦ አሙቄ፣ አየሯን መጥጬ፣
ባዶዋን አስቀርቼ
በፈሳሽ ናይትሮጅን ብርድ ውስጥ እነክራታለሁ።
ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት።
ከዚያ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ እለቃለሁ።
ያ ለማንም የማይቆም፣ ያ ዘዋሪ ነፍስ፣
ብርዱ ሲይዘው ጊዜ፣ ጉልበቱ ሲቀንስ፣
ደጅ ይጠናል።
ሳይገባ፣ ሳይሟሟ፣ ሥጋውን ሳይሆን፣
ገጹን ብቻ ይዞ ይቀራል እንዲያ እንዲሁን።
መጀመሪያ አንድ ረድፍ፣ ከጀርባውም ሌላ፣
ግድግዳ ያጣ እንግዳ ሰው እንደሚጠለላ።
ቆጥሬ ስጨርስ የዚያች ግራም ገጽ፣ ቢዘረጋ፣
የሄማላታን ግቢ
ከነኮኮናቱ ከነጉድጓዱ ያለብሳል።

ሁለት ዓይነት ነው የጋዝና የግድግዳ ነገር፦
አንዱ ደጅ ጠኚ ነው፣ ሞቅ ሲለው የሚበር፤
ሌላው ይማማላል፣ ኤሌክትሮን ተካፍሎ፣
ምድጃም ቢያስፈራራው አይነሳም ቶሎ።

ከሰሉ ሮተርዳም በመርከብ ይሄዳል፤
በቀለም ቀቢ ፊት፣ ጭንብል ሆድ ያድራል።
መርዙን ከደጅ ይዞ ንጹሑን ያሳልፋል፤
ገጹ የሞላ ለት ግን የመጣው ሁሉ ያልፋል።
ለዚህ ነው ቆርቆሮው ላይ ቀን የሚጻፈው።
የእሷ ስም የለበትም።

ማክሰኞ ዕለት ከመጋዘን አንዱን ሰርቄ
ወሰድኩላት።
አጠለቀችው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ሳቀ።
ወዲያው አወለቀችው።
«ጥሩ ነው፣ ልጄ፤ ምንም አይሸትም።
ታዲያ ጉድጓዴን በምን ልወቀው?»
ከሚስማር ላይ ሰቀለችው፣ ከመጥረጊያው ጎን።

እኔም አልነገርኳት፣ ምላሴ ታስሮ፣
ከጉድጓዷ የሚወጣው ያ ሽታ የሌለው
በከሰል ደጅ እንደማይቆም፤
ጭንብሉን ለብሳም ቢሆን
ሰተት ብሎ እንደሚገባ፣
ከደሟም ጋር እንደሚማማል።

ማታ እጇን ታጠበች፤ በአሸዋም አሸችው፤
ከመዳፏ መስመር ጥቁሩን አልለየችው።
ዞር ብላ ስትስል ከአጥሩ ማዶ ሰማሁ፦
መድረሱን የሚያውቀው
በሽታው ብቻ ነው።

ናሙናዋን ልመዘግብ ዛሬ ደብተሬን ስከፍት
ገጹ ላይ አውራ ጣቷ አለ፣
ጆንያውን ስታስረክብ የተወችው።
በላጲስ ሞከርኩት።
ተውኩት።
ቁጥር አልሰጠሁትም።